በየቤቱ ተቀርጾ አንድ የሚሆን ሙዚቃ



ተጫዋቾች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ሲጫወቱ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ መዘግየቱን ጆሮ ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል በኢንተርኔት ሲገናኙ ግን ደርሶ መልሱ ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያልፋል፤ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዜማው እየተጎተተ ይሄዳል። ስለዚህም በየቤቱ ለብቻ ቀርጾ ኋላ ማጋጠም ግድ ሆነ። ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሌስ ፖል የራሱን ስምንት የጊታር ድምፆች በቤቱ ጋራዥ ደራርቦ «ላቨር» የተባለውን ሸክላ ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ነው። ኤሪክ ዊታከርም በ2010 ከ12 አገሮች የ185 ዘማሪዎችን ድምፅና ምስል አንድ ኅብረ ዝማሬ አድርጓል።

ገንዘብ ያነሰው ጓድ ከካሜራው አስቀድሞ ሊጨነቅበት የሚገባው ሁሉም እየሰሙ የሚጫወቱበት መሪ ቅጂ ነው። ብዙዎች ሜትሮኖም ይበቃል ይላሉ። ለፈጣን ጭፈራ ይበቃ ይሆናል፤ ድምፃዊው ምቱን እየሳበ፣ እየተነፈሰ ለሚያንጎራጉረው ትዝታ ግን እግር ብረት ነው። ለእንዲህ ያለው ዜማ ድምፃዊውና ክራር መቺው አብረው መሪውን ቢቀርጹ ይሻላል። በመግቢያው አራት ቁጥርና አንድ ጭብጨባ ይኑርበት። ከዚያም በፊት ዋሽንቱ ቃናውን ያሰማ፤ ዋሽንት ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ቅኝቱ አይለወጥምና ክራሩና መሲንቆው ወደ እርሱ ይቃኛሉ።

ተጫዋቹ መሪውን ቅጂ የሚሰማው በባለሽቦ ማዳመጫ ይሁን። ሽቦ አልባው ድምፁን አዘግይቶ ስለሚያደርስ፣ በጓዱ ውስጥ ውድ ማዳመጫ የገዛው ሰው ከሁሉ ኋላ የቀረ ሆኖ ይገኛል! ለምስሉም ለድምፁም የእጅ ስልክ ይበቃል፤ በግድግዳው ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ቢሰቀል የክፍሉን ማስተጋባት ይቀንሳል። ከበሮ መቺው ስልኩን ራቅ አድርጎ ያኑር፤ አለዚያ ድምፁ ይሰነጠቃል።

እያንዳንዱ ተጫዋች የመሪውን ጭብጨባ ተከትሎ በካሜራው ፊት ያጨብጭብ፤ በመጨረሻም ይድገመው። በሰከንድ 25 ምስል በሚቀረጽ ፊልም አንዱ ምስል 40 ሚሊሰከንድ ስለሚይዝ በዓይን ብቻ ማጋጠም ሻካራ ነው። በነጻ በሚገኘው ኦዳሲቲ የድምፁ ሞገድ ይታያል፤ የጭብጨባውም ጫፍ እንደ መርፌ ቆሞ ይገኛል። የሁለት ስልኮች ሰዓት ፈጽሞ አንድ ስላልሆነ በረጅም ዜማ ላይ አንዱ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፤ ሁለተኛው ጭብጨባ ይህን ያጋልጣል። ብዙ ስልኮች የምስሉን ፍጥነት እያለዋወጡ ስለሚቀርጹም ፊልሙ ከመገጣጠሙ በፊት ወደ አንድ ቋሚ ፍጥነት ይቀየር። ምስሎቹን በአንድ ገጽ ለመደርደር የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ያገለግላል፤ ኮምፒዩተሩ ደካማ ከሆነ ምስሎቹ አስቀድመው ይነሱ።

በቅድሚያ የከበሮው ድምፅ ይቀመጥ። መሲንቆው ቀስ ብሎ ስለሚነሣ በሞገዱ ላይ ስለታም ጫፍ የለውም፤ ጭብጨባው ከገጠመ በኋላ በጆሮ ይፈተሽ። አጋጣሚው ሰው አንድ ሐረግ ዘገየ ብሎ ወደ ፊት ከመሳቡ በፊት ግን መሪውን ቅጂ ደግሞ ያዳምጥ፤ ምናልባት ድምፃዊው ሆን ብሎ ያዘገየው ይሆናል።