ስለ ሎጎስ፤ በፕሎቲኖስ ትምህርት



ወንጌላዊው ዮሐንስ «ቃል» ያለው በጽርእ ቋንቋ ሎጎስ ነው። ይህ ስም በፈላስፎችም ዘንድ የታወቀ ነበረ፤ ንግግር፣ ምክንያት፣ ሥርዓት የሚል ብዙ ፍች አለውና። እንግዲህ ስሙ አንድ ስለ ሆነ ትርጓሜው እንዳይደባለቅ፣ ፈላስፎቹ ያሉትን ለይቶ ማወቅ ይገባል።

ከነዚህ ዋናው ፕሎቲኖስ ነው። በእስክንድርያ ከአሞንዮስ ዘንድ 11 ዓመት ያህል ተማረ፤ ኋላም በሮም አስተማረ፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ270 ዓመተ ምሕረት ሞተ። የጻፋቸውን 54 ድርሳናት ደቀ መዝሙሩ ፖርፊርዮስ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ በ6 ክፍል አዘጋጃቸው።

እርሱ እንዳስተማረው፣ ከሁሉ በላይ «አንዱ» አለ፤ ከአንዱ ልቡና፣ ከልቡናም ነፍስ ይገኛሉ። በአፍ የሚነገረው ቃል በነፍስ ውስጥ ላለው ቃል አምሳል እንደ ሆነ፣ እንዲሁ ነፍስ የልቡና ቃል ናት። ነፍስም ከልቡና የተቀበለችውን ሥርዓት ወደ ግዙፉ ዓለም ታደርሳለች፤ ይህም ሥርዓት ሎጎስ ይባላል። ምሳሌው ከስንዴ ቅንጣት ይታወቃል። አናጢ ቤት ሲሠራ እጅና መጥረቢያ ያሻዋል፤ ቅንጣቲቱ ግን እጅም መሣሪያም ሳይኖራት ሥሩን፣ አገዳውን፣ ዛላውን በየተራው ታወጣለች። ይህን የሚሠራው በውስጧ ያለው ሎጎስ ነው።

ሁሉ በሎጎስ ከተሠራ ክፉ ከወዴት መጣ? ፕሎቲኖስ ዓለምን በቴያትር መሰለ። በአንድ ድርሰት ጀግናም ባሪያም፣ የሚጣሉም ሰዎች አሉ፤ ድርሰቱ ግን አንድ ነው። ሆኖም የተሰጠውን ክፍል ማሳመር ወይም ማበላሸት የሰው የራሱ ነውና፣ በደለኛው በሥርዓቱ ሊያመካኝ አይችልም።

ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወሰን አለው። የፕሎቲኖስ ሎጎስ ከአንዱም ከልቡናም በታች ነው፤ ሥጋም አልለበሰም። የቤተ ክርስቲያን ቃል ግን ከአብ ጋር የተካከለ፣ ሰውም የሆነ ወልድ ነው። ስለዚህ እስክንድርያዊው ቅዱስ ቄርሎስ በከሐዲው ንጉሥ በዑልያኖስ ላይ በጻፈው መጽሐፍ የፕሎቲኖስን ነገር ለምስክርነት ጠቀሰ፤ ሦስቱን በባሕርይ አንድ አለማድረጋቸው ግን ጉድለት መሆኑን ገለጸ። የአረማዊውን ጥበብ አልናቀም፤ በእምነትም ቦታ አላስቀመጠውም።

ስንዴ ዘርቶ ቡቃያውን የሚጠብቅ ገበሬም ፈላስፋው ያየውን ሥርዓት በየዓመቱ ያያል፤ የሥርዓቱን ባለቤት በስሙ የሚጠራው ግን በቅዳሴ ጊዜ ነው። እግዚአብሔር ለምእመናን ሁሉ ማስተዋልን ይስጥ፤ አሜን።