የእርሻ ዕድገት በምን ሚዛን ይለካ?
(በማኅበራችን የውይይት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ገበሬ ዘንድሮ ካምናው የበለጠ እህል ቢያገኝ እርሻው አደገ እንላለንን? ብዙዎቻችን «አዎን» ለማለት እንቸኩላለን። እኛ ግን መልሱን ከመስጠታችን በፊት ሚዛኑን እንመርምር እንላለን።

የተለመደው ሚዛን ከአንድ ሄክታር የተገኘውን ኩንታል ይቆጥራል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ምርቱን ለማምረት ከገባው ሁሉ፥ ይኸውም ከመሬቱ፥ ከጉልበቱ፥ ከበሬውና ከማዳበሪያው ጋር ያመዛዝናል። ነገር ግን በሁለቱም መዝገብ አንድ ወጪ ሳይጻፍ ይቀራል፤ እርሱም በክረምት ጎርፍ የሚሄደው አፈር ነው። ከጥማድ በሬዎቹ አንዱን ሸጦ «ዘንድሮ ገቢዬ ጨመረ» የሚል ሰው ቢኖር እንስቅበታለን። አፈሩን እያስጠረገ ኩንታል የሚቆጥር አገርስ ከዚህ ሰው በምን ይሻላል?

ነገሩን በቁጥር እንየው። በ1981 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በወሎ ማይባር፥ በሸዋ አንዲት ጥድ፥ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ቦታዎች ጣቢያ አቁሞ የሚታጠበውን አፈር ሲለካ ቆይቷል። የፕሮግራሙ መሪ የነበሩት ሃንስ ሁርኒ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት፥ በኢትዮጵያ ከሚታረስ አንድ ሄክታር መሬት በያመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር ይሸረሸራል። ይህ በማሳው ላይ ቢነጠፍ ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር ይበልጣል። ለአንድ ዓመት ኢምንት ነው፤ በ30 ዓመት ግን ግማሽ ስንዝር ገደማ ይሆናል።

የሚዛኑ ጉድለት ፍርድንም ያጣምማል። እርከን የሠራ ገበሬ፥ እርከኑ ከማሳው ላይ ቦታ ስለሚወስድበት፥ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ሊቀንስ ይችላል። ቁልቁለቱን ያለ እርከን ያረሰው ጎረቤቱ ለጊዜው በኩንታል ይበልጠዋል። አሮጌው ሚዛን ይህን ጎረቤት ያመሰግናል፤ እርከን የሠራውን ይወቅሳል። የታጠበው አፈር በሒሳቡ ሲገባ ግን ፍርዱ ይገለበጣል።

ይህን ስንል ገበሬውን ልንከስ አይደለም። እንጨት ባለቀበት ቀበሌ ኩበት የሚያነደው ሰው ፍግ ለማሳው እንደሚበጅ አጥቶት አይደለም፤ ቤተሰቡ ጥሬ ስለማይበላ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሚዛን ለገበሬው ጠበቃ ሊሆነው ይገባል። ማዳበሪያና ብድር ሲታደል፥ እርከን በመሥራቱ ኩንታሉ ያነሰበት ሰው «ሰነፍ» ተብሎ ወደ ኋላ እንዳይገፋ ያደርጋል።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ነገ ከመካከላችን ስለ እርሻ ሪፖርት የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። ኩንታሉን በጻፉበት መስመር አጠገብ የታጠበውን አፈር፥ የተሠራውን እርከንና ወደ ማሳ የተመለሰውን ፍግ እንዲጽፉ አደራ እንላለን። ልጆቹ የሚያርሱት አፈር ካልተረፈ፥ የአባትየው ጎተራ መሙላት ዕድገት ሊባል አይገባውም።