አሮጌ የጄት ጀልባ ከመግዛታችን በፊት
(በጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



በጣና ደሴቶች ላይ ለቅሶ ለመድረስና ሬሳ ለማሻገር አሮጌ የጄት ጀልባ እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ከወንድሜ ጋር አንዱን ገዝተን ከስረናል። ሻጩ ሞተሩን የብስ ላይ አስነስቶ አሰማን፤ ድምፁ ማር ነበር። ውኃ ላይ ስናወርደው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ንቅንቅ አይልም!

ነገሩ ወዲህ ነው። ጄት ጀልባ በውጭ የሚዞር ፕሮፔለር የለውም፤ ከሆዱ ሥር ውኃ ስቦ፣ በውስጡ ያለው ተሽከርካሪ ገፍቶ በኋላ ይተፋዋል። አሸዋና ጠጠር ተሽከርካሪውን ሲበላው ከግድግዳው ጋር ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ጉልበቱም ያልቃል። ስለዚህ በባትሪ እያበራን ከሥር እንየው፤ ጫፉ ከተሸራረፈ ዋጋው ይቀነስ ወይም ይቅር። የሞተሩ ዘይት እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና ገንዘባችንን ይዘን እንመለስ። ሙከራውም ሰው ተሞልቶ ውኃ ላይ ይሁን።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን እምቦጩ ነው። ፕሮፔለር ስለሌለው አረም አይዘውም የሚሉ አሉ። መሳቢያው ወንፊት ላይ ሲጠቀጠቅበትስ? መሀል ሐይቅ ቀጥ ነው፣ ያውም ሬሳ ጭነን! ወንፊቱ ከላይ ተከፍቶ የሚጸዳበት ክዳን እንዳለው ሳናይ ከዕድሩ ሣጥን አንድ ብር እንዳይወጣ እለምናለሁ።