ለጥርስ ሐኪም ብር ብቻ? ወንበሩስ?

ዛሬ ስለ ጥርስ ነው የማወራችሁ። አትሳቁ፤ ሌሊት ጥርሱን ያመመው ሰው ይፍረድ። ቅርንፉድ ነክሶ እስኪነጋ ይጠብቃል፤ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚያገኘው የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው። ሐኪሙ አዲስ አበባ ነዋ!

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2014 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባለው መረጃ በአፍሪካ ቀጣና ለ10,000 ሰው 0.33 የጥርስ ሐኪም ነው የቆጠረው። አንድ ሐኪም ለ30,000 ሰው መሆኑ ነው። ይሄ አማካይ ነው እንግዲህ፤ ሐኪሞቹ ከተማ ላይ ስለሚከማቹ ገጠር ላይ ከዚህም ይብሳል። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂ አካባቢ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ጠጥተው ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችን ያየ ያውቃል።

«ዜጋ አይደሉም እንዴ? ሄደው ያገልግሉ!» የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም። ከእኛ መሀልም አለ። ወዳጄ፣ ሀገር መውደድ የቤት ኪራይ አይከፍልም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት ከሀገር ፍቅር ስለጎደሉ አይደለም፤ ደመወዙ ኑሮን ስላልቻለው ነው። ክፍያ ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ግን ብር እንዴት እንደሚሰጥ ደግሞ ከሌላው እንማር። የእንግሊዝ መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. ሐኪም በጠፋባቸው አካባቢዎች ሦስት ዓመት ለሚሠራ የጥርስ ሐኪም 20,000 ፓውንድ አቀረበ። እስከ 240 ሰው ነበር የታሰበው። ከዓመት በኋላ፣ የካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ላይ ሲታይ የተቀጠረው ከአምስት አንዱ እንኳ አልሞላም። ለምን? የመንግሥቱ የዕለት ተዕለት ክፍያ ከግል ክሊኒኩ ያነሰ ነው፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ውልም ሐኪሞቹን ሲያማርር ኖሯል። የአንድ ጊዜ ጉርሻ የየወሩን ጉድለት አይሞላም!

አሜሪካኖቹ ሌላ መንገድ አላቸው። ባለሙያ ባጠረበት ቦታ ሁለት ዓመት ለሚያገለግል የጥርስ ሐኪም እስከ 50,000 ዶላር የትምህርት ዕዳውን ይከፍሉለታል። ይሄኛው ለእኛ ይቀርባል። እኛም የወጪ መጋራት ዕዳ አለብን፤ ዕዳን በአገልግሎት መክፈል የሚባለውም ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ዞን ሆስፒታል ገብቶ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም በየዓመቱ ዕዳው ይቀነስለት፤ በላዩ ላይ የየወሩ የቦታ አበል ይጨመርለት። አበሉ ደግሞ አዲስ አበባ ካለው የግል ክሊኒክ ጋር ባይስተካከልም ለመቆየት የሚያስችል ይሁን።

አንድ ነገር ግን እንዳትረሱብኝ። የሚሠራ ወንበር፣ ኮምፕረሰር፣ መሙያ፣ ማደንዘዣ፣ መብራት ከሌለ ያ ልጅ ስንት ዓመት ተምሮ ጥርስ ነቃይ ብቻ ነው የሚሆነው። ሊተርፍ የሚችለውን ጥርስ ሁሉ ሲነቅል ይውላል፤ እጁም ሙያውን ይረሳል። እንዲህ ሆኖ እጥፍ ብትከፍሉትም አይቆይም። የብሩ ግማሽ ለዕቃው ይሁን ብል የምትቆጡኝ የጥርስ ተማሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ተቆጡ፣ እንከራከራለን።

በየዞናችሁ ያላችሁ ልጆች ሰኞ ሆስፒታላችሁ ሂዱና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የጥርስ ሐኪም ተመድቧል ወይ? ወንበሩ ይሠራል ወይ? ባለፈው ወር ስንት ጥርስ ተሞላ፣ ስንት ተነቀለ? መልሱን ከዚህ ጽሑፍ ሥር አስፍሩት። የታካሚ ስም እንዳትጽፉ።