ቅቤው፣ ዘይቱና ልባችን
(በመካነ ኢየሱስ፣ በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ኮሌስትሮል እንነጋገር ስንል ከኋላ "እሱ የሀብታም በሽታ ነው፤ እኛ ቅቤውን ከየት አምጥተን!" የሚል ድምፅ ሰምተናል። ግማሹ እውነት ነው። ብዙዎቻችን ቅቤውን ገበያ አውጥተን እንሸጥና በገንዘቡ ከሱቅ ዘይት ገዝተን እንገባለን። ያ ዘይት ግን በጠዋት ብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ከሆነ፣ ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤው ያለ የሚረጋ ስብ ነው። መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው እንዲህ ያለው ስብ ነው።

ኮሌስትሮልን ጉበታችን ራሱ ይሠራዋል፤ ለሰውነትም ያስፈልጋል። ሲበዛ ነው የደም ቧንቧን ግድግዳ እየለጠፈ የሚያጠበው። አያምም፣ አያስልም፣ አያተኩስም። ቧንቧው የልብ ከሆነ ልብን፣ የአንጎል ከሆነ ግማሽ አካልን በአንድ ቀን ይይዛል። ቀድሞ የሚታወቀው በደም ምርመራ ብቻ ነው፤ ጠቅላላው ከ200 ሚሊግራም በታች ቢሆን ይመረጣል። ቅጥነትም ዋስትና አይሆንም።

ጾማችን ትልቅ ሀብት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ተልባው ሁሉ ለልብ ይስማማል። ነገር ግን የጾሙን ወጥ በሚረጋ ዘይት አጥለቅልቀን፣ ከ55 ቀን በኋላ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በቅቤና በሥጋ ብንክሰው ምኑን ጾምነው? ለጤናው ማለታችን ነው፤ የነፍሱን ለአባቶች እንተወዋለን።

ቅቤ ነጋዴ አባሎቻችን አትቀየሙን። ቅቤ ይቅር አላልንም፤ ለበዓልና ለእንግዳ በማንኪያ ይሁን ነው ያልነው። ለየዕለቱ ኑግ ወይም ሱፍ ዘይት ይሻላል። ውድ ነው፣ እናውቃለን። ስለዚህ መጠኑን እንቀንስ፤ ሽንኩርቱን በውኃ አብስለን ዘይቱን በኋላ ጠብ ማድረግ ይቻላል። ጨውም እንዲሁ፤ ግፊት ላለባት በተለይ።

መድኃኒት የታዘዘላችሁ "ተሻለኝ" ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጠበሉንም መድኃኒቱንም መያዝ ይቻላል፤ አይጣሉም።

ግፊት ወይም ስኳር ያለባችሁ፣ ከቤተሰባችሁ በልብ ሕመም በድንገት የሞተ ሰው ያላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ። የምርመራው ቅድሚያ ለእናንተ ነው። ደብረ ታቦር ድረስ መሄድ ላለባት የመኪና መሳፈሪያዋን ማኅበሩ እንዲችል ሐሳብ አቅርበናል፤ ለዚህም የወዳጆቻችንን እጅ እንጠይቃለን።