አንገትን በዓይንና በእጅ መመርመር
(በሐረር ከተማ ለሕክምና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ በመካከላችን የለም። ተረቱ የመከራን መደራረብ ለማሳየት ቢነገርም፣ ለሐኪም ጆሮ ሌላም ነገር ያሰማል፤ ሕዝባችን በአንገት ላይ የሚወጡትን እብጠቶች ለይቶ ለየራሳቸው ስም አውጥቶላቸው ኖሯልና። እንቅርት የታይሮይድ ዕጢ እብጠት ነው፤ ጆሮ ደግፍ ከጆሮ ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ ሕመም ነው፤ ንፍፊት ደግሞ የሊምፍ ዕጢዎች ማበጥ ነው። ዛሬ ላወሳ የምሻው ግን ገና ለዓይን ያልደረሰውን እብጠት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ሴቶች መካከል ከመቶ 35.8 የሚሆኑት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከእነዚህም በግልጽ የሚታየው የ11.5ቱ ብቻ ሲሆን፣ የ24.3ቱ የታወቀው በእጅ በመዳሰስ ነው። እንግዲህ በዓይን ብቻ የሚፈርድ መርማሪ ከሦስቱ ሁለቱን ጤነኛ ናችሁ ብሎ ይሸኛል ማለት ነው።

እኔም ሸኝቻለሁ። ወጣት ሐኪም ሳለሁ «ልቤ ይመታብኛል» እያለች የመጣችን ሴት ደረቷን አዳምጬ፣ ሻሿን ሳላስወልቅ መድኃኒት ጻፍኩላት። ከወራት በኋላ ስትመለስ አንዲት አንጋፋ ነርስ ሻሹን ገለጥ አድርገው ውሃ ሰጧትና «እስቲ ተጎንጪ፣ ልጄ» አሏት። ዓይኔ እያየ እብጠቱ ወደ ላይ ወጥቶ ተመለሰ።

በሐረር ለብዙ ሴቶች ራስንና አንገትን መሸፈን የእምነትና የክብር ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሻሹ የሚወልቀው በፈቃድና በመጋረጃ ውስጥ ይሁን። «እናቴ፣ አንገትዎን ብዳስስ ይፈቅዱልኛል?» ለማለት የሚባክን ጊዜ የለም። ምርመራው የሚደረገው ከጀርባ ቆሞ ነውና ይህንንም አስቀድሞ መንገር ያሻል፤ ከኋላ የሚመጣ እጅ ጉሮሮን ሲነካ ማንንም ያስደነግጣል።

ጣቶቻችን በመጀመሪያ ማንቁርትን ይፈልጉ፤ ዝቅ ሲሉ እንደ ቀለበት የከበበ ጠንካራ አካል ያገኛሉ። የታይሮይድ ዕጢ ሁለት ክንፎች የሚገናኙበት ድልድይ ከዚያ ሥር ነው። ዕጢው ከማንቁርት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ተመርማሪዋ ስትውጥ አብሮ ይወጣል፤ ንፍፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቦታው አይነቃነቅም። የአንዱ ክንፍ መጠን ከተመርማሪዋ አውራ ጣት የመጨረሻ አንጓ ከበለጠ እንቅርት ይባላል። የተመርማሪዋ ጣት ማለቴን ልብ ይሏል፤ የሕፃንን አንገት በራሱ ጣት የሚለካ ጎልማሳ ብዙውን እንቅርት ያልፈዋል።

ከዚያም ከጆሮ ኋላ ተነሥቶ ወደ ደረት አጥንት አናት የሚወርደውን ጡንቻ ተከትለን ንፍፊት እንፈልግ። ለሳምንታት የቆየ፣ እምብዛም የማያምና እርስ በርሱ የተጣበቀ ንፍፊት በአገራችን ነቀርሳን ያስጠረጥራል፤ በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ ይገባል። ደም ቅዳዎቹን በግራና በቀኝ በአንድ ጊዜ መጫን ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

እጅም ቢሆን ገደብ አለው። ከዚህ ብዙ በማይርቀው በሐረማያ ወረዳ በነፍሰ ጡር ሴቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሽንት ምርመራ፣ ከመቶ ከ80 በላይ የሚሆኑት በቂ አዮዲን እንደማያገኙ አሳይቷል። አንገታቸው ገና ሳያብጥ የጽንሱ አእምሮ ሊጎዳ ይችላል። ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ ተደንግጓል፤ ነገር ግን በገበያ በተከፈተ ጆንያ ፀሐይና እርጥበት ሲፈራረቁበት የዋለ ጨው አዮዲኑ ይቀንሳል። ስለዚህ አንገቱን ዳስሰን ስንጨርስ፣ ሻሹ ተመልሶ ሳይታሰር፣ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ ጨዉን ከየት ይገዛሉ? በምንስ ውስጥ ያስቀምጡታል?