የሚናገር መገናኛና መልስ የሚሰጥ ሕዝብ
የአሰላና የአርሲ ደጋ ልምድ



መገናኛ ብዙኃን የሕዝብን አስተሳሰብ ይቀርጻሉ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የሚናገሩት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሳይናገሩ የሚያልፉት ነገር፣ የሚናገሩበት ቋንቋ፣ እንዲሁም ሰሚው መልስ የሚሰጥበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ከዚያ ያላነሰ ኃይል አላቸው። ይህን ለመገንዘብ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው አሰላና ስንዴና ገብስ የሚበቅልበት የአርሲ ደጋ ጥሩ ትምህርት ይሰጣሉ።

በ1960 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለመደው አጠራሩ ካዱ፣ አሰላ ላይ ሥራውን ጀመረ። ዓላማው ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የገበያ አገልግሎት ለአነስተኛው ገበሬ ማድረስ ነበር። ምርቱም በእርግጥ ጨመረ። ዳሩ ግን ስንዴ አትራፊ በሆነ ጊዜ፣ ከጭሰኛው ከሚቀበለው የእህል ድርሻ ይልቅ መሬቱን በትራክተር ማረስ እንደሚያዋጣው ባለርስቱ ተገነዘበ። በዚህ ምክንያት ብዙ ጭሰኞች ከኖሩበት መሬት ተነቀሉ።

ይህ በደል የተሰወረ አልነበረም። የድርጅቱ የራሱ ጥናቶች መዝግበውታል፤ ስዊድንም የጭሰኝነት ሥርዓት በሕግ እንዲሻሻል አሳስባለች። ጥናቶቹ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለ ነበሩ አንባቢዎቻቸው ሹማምንቱና የውጭ ባለሙያዎቹ ብቻ ነበሩ። ጋዜጣው በመንግሥት እጅና በሳንሱር ሥር ሆኖ በአብዛኛው በአማርኛ ሲናገር፣ የተፈናቀለው ገበሬ ደግሞ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪና ፊደል ያልቆጠረ ነበር። የባለርስቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት እንዲወስን የተዘጋጀው ረቂቅ ሕግም በፓርላማ ሳይጸድቅ ቀረ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበረ፤ የእንደራሴዎች ምርጫም ይካሄድ ነበር። በሁለቱ መካከል የተበዳዩን አቤቱታ ወደ አደባባይ የሚያወጣ ድምፅ ግን አልነበረም። ዴሞክራሲ በዚህ ዓይነት ዝምታ ውስጥ ቅርጹ እንጂ ሕይወቱ ሊኖር አይችልም።

ለረጅም ጊዜ ታፍኖ የቆየ ጉዳይ በወጣ ጊዜ የሚያገለግለው መጀመሪያ የያዘውን ወገን ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ ያነሳው ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀላቅሎ በቴሌቪዥን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ በማግሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነበረ፤ የምስሎቹ አቀነባበር ግን የፖለቲካ ውሳኔ ነበር። ከዚያም በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በሬዲዮ ተነገረ። ጭሰኝነት ተሰረዘ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰውም መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ሬዲዮ ለአርሲ ጭሰኛ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች አውጆለት አያውቅም።

በዚያው ዘመን የርዕዮተ ዓለም ክርክር ከኅቡዕ ወረቀቶች ወደ ይፋ ገጾች ተሸጋገረ። የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በድብቅ ይሰራጩ ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ለክርክሩ መድረክ ከፈተ። ሁለቱ ወገኖች በተመሳሳይ የማርክሲዝም ቃላት እየተጠቀሙ ተከራከሩ። መድረኩ ግን ብዙ አልቆየም። አንዱ ወገን «አናርኪስት»፣ ሌላው «ባንዳ» እየተባለ ሲጠራ፣ ስሙ የክርክር ቃል መሆኑ ቀርቶ የሞት ፍርድ እስከ መሆን ደረሰ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ያሰራጭ የነበረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያም በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። በሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከጊዜ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ኦሮምኛም በግዕዝ ፊደል ከነዚህ አንዱ ነበር። እንግዲህ የአርሲ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ማንበብ በቻለበት ዘመን፣ መርጦ የሚያነበው ነገር ጠቦ ነበር ማለት ነው።

በጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29ም ሐሳብን የመግለጽ መብት አረጋገጠ። በኋላ የመጣው የእጅ ስልክ ደግሞ ሰሚውን ራሱን ተናጋሪ አደረገው። ሆኖም መናገር መቻል ብቻውን ዴሞክራሲን አያጸናም። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገደለ ጊዜ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ወሬና የጥላቻ ቅስቀሳ ተደባለቁ። አርሲን ጨምሮ በኦሮሚያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች በተከተለው ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ወጥቶ ነበር። መንግሥትም ኢንተርኔትን ከ2 ሳምንት በላይ ዘጋ። ነገር ግን መዝጋቱ ወሬውን ብቻ ለይቶ አላስቀረም፤ እውነቱን የሚያጣራውንና ለዘመዱ ደኅንነት የሚጨነቀውንም ጭምር ዝም አሰኘ።

የሩዋንዳ ታሪክ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ይዟል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1994 በዘር ማጥፋቱ ጊዜ ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ ሰዎችን ለግድያ ቀሰቀሰ፤ በ2003ም አሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከመሥራቾቹ መካከል የተከሰሱትን ጥፋተኞች ናቸው ሲል ፈረደ። ፍርዱ ተገቢ ነው፤ የተነገረው ቃል ካደረሰው ጥፋት በኋላ ግን የመጣው ከ9 ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ መገናኛ ብዙኃን ዴሞክራሲን ይደግፋሉ ወይስ ያሰጋሉ የሚለው ጥያቄ በቁጥራቸው ብዛት ወይም በባለቤታቸው ማንነት ብቻ አይመለስም። የበቆጂ ወይም የሳጉሬ ገበሬ ስለ መሬቱ፣ ስለ ማዳበሪያው ዋጋና ስለ ልጁ ትምህርት በቋንቋው ሲነገር ይሰማልን? ቅር ሲለው ቃሉ ሳይቆረጥ ውሳኔ ሰጪው ዘንድ ይደርሳልን? ክፉ ወሬ በተነሣ ቀን በዚያው ወረዳ ተገኝቶ የሚያጣራና የሚታመን ዘጋቢ ይኖራልን? አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ያሉት ለሰሚው ነው፤ ሰሚው ግን መላ የሚጨምርበት የተጣራ ነገር ማግኘት አለበት።

ይህን የማቅረብ ግዴታ በቅድሚያ የሚወድቀው በባለሙያው ላይ ነው። የመፈናቀሉ ጥናት አሰላ ውስጥ በመደርደሪያ ተቀምጦ ሳለ ጭሰኛው ከመሬቱ ተነቅሏል። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ ጥናት አይታጣም። እርሱን አውጥቶ ባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ መጻፍና የባለጉዳዩን መልስ አብሮ ማተም፣ ቁጣ እስኪነሣ ድረስ ሊቆይ የማይገባው የሙያው ዕለታዊ ሥራ ነው።